ከቤት ሠሪ ወደ ፕሮግራም ጸሐፊ

የአንዱ ሙያ ጥበብ ወደ ሌላው ሙያ ሲሻገር ምን ይዞ፣ ምንስ ጥሎ እንደሚሄድ ለመመርመር ለሚሻ ሁሉ የክሪስቶፈር አሌክሳንደር ታሪክ መልካም አብነት ነው። በቪየና ተወልዶ፣ በካምብሪጅ ሒሳብና ኪነ ሕንፃ ተምሮ፣ በበርክሌይ ያስተማረው ይህ ሰው፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ከሣራ ኢሺካዋ፣ ከመሪ ሲልቨርስታይንና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር 253 ንድፎችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከከተማ አቀማመጥ ይነሣና እስከ በረንዳ ስፋት ይወርዳል። እያንዳንዱ ንድፍ ችግሩን ይናገራል፤ መፍትሔውን ያስከትላል፤ ከበላዩና ከበታቹ ካሉት ጋር የሚያያዝበትንም ያመለክታል። ከእነዚህ አንዱ፣ ክፍል ሁሉ ብርሃን ከሁለት ወገን ይግባው ይላል። ብርሃን ካንድ ወገን ብቻ ሲገባ የተቀማጮች ገጽ በጥላ ይጋረዳልና፣ የሰውን ስሜት ከፊቱ ማንበብ ያዳግታል።

የመጽሐፉ ዓላማ ግን ከዚህም ይሰፋ ነበር፤ ይኸውም ቤቱን የሚኖርበት ሰው ራሱ ይንደፈው የሚል ነው።

ይህን አሳብ አስቀድመው ወደ ኮምፒውተር ዓለም ያሻገሩት ኬንት ቤክና ዋርድ ከኒንግሃም ናቸው። በ1987 እ.ኤ.አ. ኦርላንዶ ላይ በተደረገ ጉባኤ እንዳስረዱት፣ አምስት ንድፎች ብቻ አስተምረው በፕሮግራሙ የሚሠሩት ሰዎች የመስኮቶቹን አቀማመጥ ራሳቸው እንዲነድፉ አደረጉ። ኗሪው፣ እንግዲህ፣ እዚህ ድረስ አልተረሳም።

በ1994 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲዲስ 23 ንድፎች የያዘ መጽሐፍ አወጡ። አንዱን ንድፍ እንኳ በሕንፃ ፊት ስም «ፋሳድ» ብለውታል። በርካታ ንድፎች በአንድ ሥራ ውስጥ ተጣምረው እንዴት እንደሚያገለግሉም አሳይተዋል። ሥራው ታላቅ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበትን ቃል አትርፎላቸዋል። ሆኖም ቋንቋው ተመልሶ የባለሙያ ሆነ። ደራስያኑም ንድፎቻቸው ከአሌክሳንደር የሚለዩባቸውን ነጥቦች በመጽሐፋቸው መደምደሚያ ላይ ሳይሸሽጉ ዘርዝረዋል፤ ይህ ሐቀኝነታቸው ያስመሰግናቸዋል።

በ1996 እ.ኤ.አ. የፕሮግራም ጸሐፊዎች ጉባኤ አሌክሳንደርን ወደ ሳን ሆዜ ጋበዘው። እርሱም ሙያቸውን ጠልቆ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ ከውዳሴ ይልቅ ጥያቄ አቀረበላቸው፦ እነዚህ ንድፎች የሰውን ኑሮ የተሻለ ያደርጉታልን?