የአምባራስ 236 ሰዎች

አምባራስ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የገብስ አገር ናት። እዚያ የሚተነፍስ ሰው ከአየሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያገኘው በሲሶ ያህል ያንሳል። አገሬው ግን በዚያው አየር ያርሳል፣ ሸክሙን ይዞ ዳገት ይወጣል፣ ልጅ ያሳድጋል።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ፤ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችን የምርምር ዘዴና ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። «ስታት» ሲባል ተማሪው ፊቱ ይጨልማል። የሚያስፈራው ስሌቱ አይመስለኝም፤ ቁጥሩ ከማን ደምና ከየትኛው ቀዬ እንደመጣ አለማወቁ ነው። ስለዚህ ከቀመሩ በፊት የአገራችንን የልኬት ታሪክ አስቀድማለሁ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ደባርቅ ላይ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን ካሸነፈ፣ የ1968ቱ ኦሊምፒክም 2,240 ሜትር ላይ ለምትገኘው ሜክሲኮ ሲቲ ከተሰጠ በኋላ፣ ከፍታ በሰው አካል ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ብዙ ተመራማሪዎችን ያዘ። በዚያው ዘመን ሐሪሰን የተባለ እንግሊዛዊ ምሁርና ባልደረቦቹ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ደባርቅንና 1,500 ሜትር ላይ ያለችውን አዲአርቃይን አነጻጸሩ፤ ሥራቸው በ1969 ታተመ። ምርጫቸውን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሊማሊሞን የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፦ በጥቂት ሰዓት መንገድ ከብርድ ወጥቶ ሐሩር ውስጥ ይገባል፤ ቋንቋው ግን ያው ነው፣ ዘመድም ከላይም ከታችም አለ። የከፍታን ሥራ ለይቶ ለማየት እንዲህ ያለ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም።

ሆኖም ከላይና ከታች የሚለየው ከፍታው ብቻ አይደለም። በ1972 የታተመ ሌላ ጥናት የልጆችን እድገት ለካ፤ የደጋዎቹ ከቆላዎቹ ገዝፈው ተገኙ። ታዲያ ከፍታ ልጅ ያሳድጋል ልንል ነው? በአንዲስ ተራሮች የተለካው ተቃራኒውን ያሳያል፤ እዚያ የተራራ ልጆች ያንሳሉ። እኛ ዘንድ ቆላው ወባ አለበት። ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ዘመድ ያለው ተማሪ ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክመኝም፦ ከፍታ የመሰለን ነገር በሽታ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አምባራስ መጣች። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ጋር፣ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 86 የሆነ 236 የአካባቢውን ነዋሪዎች አጥንተው ውጤቱን በ2002 አሳተሙ። የብረት እጥረት፣ የሄሞግሎቢን የዘር ችግር ወይም ሥር የሰደደ ብግነት ያለበት በስሌቱ አልገባም፤ የብረት እጥረት ሄሞግሎቢንን ስለሚቀንስ ከፍታው ያመጣውን ለውጥ ሊደብቅ ይችላላ! አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆነ፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ። የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፣ ሙሌታቸው ይቀንሳል። የቲቤቶች ሄሞግሎቢን ብዙም ባይጨምር ሙሌታቸው ዝቅ ያለ ነው። አምባራሶች ግን በሁለቱም ባሕር ጠረፍ ላይ ለሚኖር ሰው ቀርበው ተገኙ። ዓለም ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ያወቀው ከእነሱ ደም ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ እጅ ይወጣል። «መምህር፣ ሯጮቻችን የሚያሸንፉት በዚህ ነው ማለት ነዋ?»

አይደለም። የአምባራሱ ልኬት ገበሬውንም እረኛውንም እኩል የያዘ የነዋሪ ልኬት ነው፤ ስለ ሩጫ የጠየቀው ነገር የለም። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የበቆጂ ልጆች ናቸው፣ ኃይሌ የአሰላ፤ በ2003 የታተመ ጥናትም የብሔራዊ ቡድኑ የማራቶን ሯጮች በብዛት ከአርሲና ከሸዋ መሆናቸውን አሳይቷል። የአንዱን መንደር ናሙና የሌላው አገር ሯጭ ላይ መለጠፍ የምርምር ኮርስ ዋነኛ ጠላት ነው። ደግሞ በ2012 የወጣ ጥናት የሰሜንን ደጋ ከቆላዋ ዛሪማ፣ የባሌን ደጋ ከባሌ ቆላ ሲያነጻጽር፣ የባሌ ደገኞች ከሰሜኖቹ የበለጠ ሄሞግሎቢንና ያነሰ ሙሌት አሳዩ። አምባራስ ባሌን እንኳ አትወክልም።

የስፖርት ሳይንስ መምህራን ሆይ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚያጣው ተማሪያችሁ ይህን ስጡት፦ በደባርቅና በዛሪማ ያሉ እኩዮችን ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የሩጫ ሰዓት ለክቶ ያነጻጽር፤ ወባ የያዘውንና ያልያዘውን ይለይ፤ ውጤቱንም በአማርኛ ጽፎ ለተለኩት ሰዎች ይመልስላቸው።