የአፕላይድ ማቲማቲክስ ዲግሪ ምን ያስወጣል? ምንስ ያስገኛል?

በአዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ሒሳብ የማይሠራበት ቀን የለም። ከጎጃም ወይም ከሸዋ ጤፍ ጭኖ የገባ መኪና ሳይራገፍ ደላላው የኩንታሉን ዋጋ፣ የማጓጓዣውን፣ የጫኝና አውራጁን እንዲሁም የራሱን ድርሻ በቃሉ አስልቶ ይጨርሳል። ለዚህ ዲግሪ የጠየቀው የለም። በዚህ ገበያ የሚሠራም ሆነ እህሉን ወደዚያ የሚልክ ወላጅ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ ሊያጠና መሆኑን ሲሰማ «ተምሮ ምን ሊሆን?» ቢል አይፈረድበትም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነጻ ነው የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 154/2000 መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ክፍያው ከምረቃ በኋላ ከደመወዝ የሚቆረጥ ሲሆን ከወር ገቢ 10 በመቶ አያንስም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል፤ በዚህ ስሌት ተመራቂው በየወሩ ቢያንስ 1,150 ብር ይመልሳል ማለት ነው። በመምህርነት የሚሰማራ ግን ዕዳውን በአገልግሎት የሚተካበት አሠራር ስላለ ውሉን ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

ከዚህ የሚከብደው በውል ላይ የማይጻፈው ወጪ ነው። ለአርሶ አደሩ በአጨዳና በውቂያ ወቅት አንድ ጉልበት ይጎድለዋል። ለመርካቶው ቤተሰብ ደግሞ ልጁ በቀን ሠርቶ ያመጣው የነበረ ገንዘብ ለአራት ዓመት ይቀራል።

ወንበሩም በቀላሉ አይገኝም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 በመቶ ማለፍ ይጠበቅበታል። ሕክምና ወይም ምህንድስና ፈልጎ ውጤቱ ስላልበቃው ብቻ ሒሳብ ውስጥ የገባ ተማሪ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው።

ትምህርቱ ለምን ይጠቅማል ለሚለው እህል በረንዳ ራሱ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከብዙ መነሻዎች የመጣን እህል ወደ ብዙ ከተሞች በአነስተኛ ወጪ እንዴት ማድረስ ይቻላል? ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መሠረት የጣለው የሶቪየት የሒሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ በ1939 አሳተመ፤ በ1975 ከቻሊንግ ኩፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ለአርሶ አደሩ ይበልጥ የሚቀርበው የድርቅ መድን ነው። እ.ኤ.አ በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ አክሳ ሪ ከተባለ የጠለፋ መድን ድርጅት ሽፋን ገዝቶ ነበር። የከፈለው 930,000 ዶላር ሲሆን ዝናቡ ቢጠፋ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለው ነበር። ከመቶው 13 ያህል መሆኑ ነው። ሙሉውን ካሳ የሚያስከፍል ድርቅ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ፣ የተከፈለውና የሚገኘው ይመጣጠናሉ፤ ድርቁ ከዚያ ከዘገየ መድን ሰጪው ያተርፋል። በዚያ ዓመት ዝናቡ በቂ ስለነበር ካሳ አልተከፈለም። የድርቁን ዕድል ከብዙ ዓመት የዝናብ መዝገብ አስልቶ ዋጋ የሚያወጣው በፕሮባቢሊቲና በስታቲስቲክስ የሠለጠነ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሥራ በአገር ውስጥ ገና ጥቂት ነው። ለብዙዎቹ ተመራቂዎች የቀረበው መምህርነት ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ለማስተማርም የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ያስፈልጋል። የባንክ ማስታወቂያዎች አዘውትረው የሚጠሩት አካውንቲንግን፣ ማኔጅመንትንና ኢኮኖሚክስን ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የመድን ድርጅቶች፣ በጥር 2017 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ከቁጥር ጋር የሚውል ሰው ይፈልጋሉ። ሆኖም ንድፈ ሐሳብ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ከሚጽፈው ጋር እኩል አይታይም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ በመሆኑ ይህን ክፍተት ለመሙላት ይረዳል። ከፍተኛ ውጤት ላላቸው ደግሞ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም በደቡብ አፍሪካ፣ በሴኔጋል፣ በጋና፣ በካሜሩንና በሩዋንዳ ማዕከላቱ ወጪ የሚሸፍን የማስተርስ ዕድል ይሰጣል።

እንደ ጸሐፊው ግምት፣ ቤተሰቡ ፈጥኖ የሚደርስ ገቢ የሚሻ ከሆነና ልጁም ለሒሳብ ፍቅር ከሌለው አካውንቲንግ የተሻለ ነው። ልጁ ሒሳብ የሚወድና ፕሮግራም ለመማር የተነሣ ከሆነ ግን አራቱ ዓመታት የባከኑ አይሆኑም። የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከአንደኛው ዓመት የጋራ ኮርሶች በኋላ ስለሆነ፣ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት የዚያን ዓመት የሒሳብ ውጤት አብሮ ማየት ይቻላል።