አንድ ቅጂ፣ ብዙ አንባቢ፦ የመጽሐፍ ወግ በመርካቶና በአዲስ አበባ

የአዲስ አበባ አንባቢዎች እጃቸው ላይ ስላለው መጽሐፍ ሐሳብ የሚለዋወጡበት ልማድ ከመጽሐፍ ገበያው ተለይቶ አያውቅም። መጽሐፍ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በሆነበት ከተማ አንድ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አስተያየቱም አብሮት ሲዞር ኖሯል። ተዋሹ «እንዴት ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀበልም፤ አንብቦ የጨረሰውም የወደደበትን ወይም የጠላበትን ምክንያት ሳይናገር አይሰጥም። መጽሐፉ ይፈለግ አይፈለግ፣ ደግሞ ይታተም አይታተም የሚለውን በአብዛኛው የወሰነው ይኸው የአፍ ምስክርነት ነው። በአዲስ ከተማ የሚገኘው የመርካቶ ገበያ ለዚህ ልማድ ሁለት ነገር አበርክቷል፦ መጽሐፍን ለዝቅተኛው ኪስ ማቅረብንና በሻጭና በገዥ መካከል የሚደረገውን ወግ።

የልማዱ ሥር ከሕትመት በፊት ይጀምራል። በብራና ዘመን መጽሐፍ ከሚያነበው የሚያደምጠው ይበልጥ ነበር። በመጻሕፍት ጉባኤ ቤት ተማሪው ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩ ትርጓሜውን ያወርዳል፤ አንዱ ቃል «አንድም» እየተባለ ሁለትና ሦስት ፍቺ ይሰጠዋል። ከጉባኤው በኋላ ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሰሙትን ይቀጽላሉ፤ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያስታውሰዋል፣ ያልገባውንም ይጠይቃል። በወሎና በሐረር በነበሩት የእስልምና የትምህርት ማዕከላትም ሸይኹ ኪታብ ከፍቶ ሲያስቀራ ደረሶች ዙሪያውን ተቀምጠው ይከታተላሉ፣ ይጠይቃሉ። በሁለቱም ወገን ማንበብ የማኅበር ሥራ ነበር። ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሰው ሰው ይህን ልማድ ይዞ መጣ፤ ዛሬ የታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ሆነው በቆሙበት በመርካቶም ሁለቱ ወጎች ተገናኙ።

የታተመ መጽሐፍ ለአማርኛ አንባቢ በብዛት መድረስ የጀመረው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተደርጎም ይቆጠራል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚዘረዝር ሥራ አሳተሙ። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም ጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ጋዜጣው ለዘመኑ የተማሩ ወጣቶች ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥልጣኔና ስለ አገር አስተዳደር ያላቸውን ሐሳብ የሚያወጡበት ቦታ ሆነ። ባነበቡት ላይ አስተያየትን በአደባባይ በጽሑፍ መስጠት በአማርኛ መልክ መያዝ የጀመረው በዚህ ወቅት ነው።

በዚያን ጊዜ የከተማዋ ዋና ገበያ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን የጣሊያን አስተዳደር ከተማዋን በዘር ለይቶ ለመከፋፈል ባወጣው ዕቅድ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ፒያሳ ለአውሮፓውያን መደብሮች ተተወ። ወራሪው ሲባረር ገበያው እዚያው ቀረ፤ እየሰፋም ሄደ። ክፍፍሉ ግን በመጽሐፍ ንግድ ላይ ለረጅም ጊዜ ጥላውን ጥሏል። የውጭ ቋንቋ መጻሕፍት የሚሸጡባቸው ባለመስታወት መደብሮች በፒያሳና በአካባቢው ሲቆዩ፣ የፊደል ገበታው፣ ዳዊቱ፣ የተማሪ መጽሐፉና አሮጌው መጽሐፍ በመርካቶ መደብ ላይና በአዟሪ ክንድ ላይ ዋለ።

ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲበራከቱ የመርካቶ የመጽሐፍ ገዥም በረከተ። ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት የፊደል ገበታ በተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት እየታተመ በየገበያው ተሠራጨ። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በትምህርት ቤት ሲነበብ፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የልብ ወለድ አንባቢን አፈራ። መርካቶ የጅምላ ንግድ ማዕከልና የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች መነሻ መሆኑ መጽሐፉን ከከተማዋ አሻግሮ ለማድረስ ጠቀመ። ከጎጃም ወይም ከወለጋ ዕቃ ሊጭን የመጣ ነጋዴ ደብተርና መጽሐፍም ጨምሮ ይወስዳል፤ መንገደኛውም ከአውቶቡስ ተራ የገዛትን መጽሐፍ ቀዬው ሲደርስ ለወዳጁ ያስተላልፋል።

አሮጌ መጽሐፍ ወደ ገበያው የሚገባበት መንገድ የራሱ ሥርዓት አለው። ቆራሌው በየሠፈሩ እየዞረ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ያረጀ ልብስ ሲገዛ ወረቀትም ይገዛል፤ የሰበሰበው ዕቃም በአብዛኛው ወደ መርካቶ ይገባል። እዚያ ወረቀቱ ሁለት ዕጣ ይጠብቀዋል፦ ዐዋቂ ዓይን ካረፈበት ተለይቶ ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ይሸጣል፤ ካላረፈበት ተቀዶ የቅመም፣ የቆሎና የስኳር መጠቅለያ ይሆናል። ብዙ ውድ መጽሐፍ፣ ብዙ የጋዜጣ ጥራዝ በዚህ መንገድ ጠፍቷል። በዚያው መንገድ የተረፈም አለ፤ የአገር ቅርስ የሆኑ ሥራዎችን ከመጠቅለያነት ያዳኗቸው ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ነጋዴዎች ናቸው፤ ምስጋናም ይገባቸዋል።

የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሥራ መሸጥ ብቻ አልነበረም። ዋጋ ለመቁረጥ መጽሐፉ ይገኝ እንደሆነ፣ ማን እንደሚፈልገውና አንባቢዎች ምን እንዳሉበት ማወቅ ነበረበት። ይህን ዕውቀት የሚሰበስበው ከደንበኞቹ ነው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ጡረተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ቆሞ ሲያገላብጥ ያለውን ይሰማል፤ ለሚቀጥለው ደንበኛም ያንኑ ይነግራል። ለአዲስ አንባቢ «ይህን ከወደድክ ያንን አንብብ» የሚል ምክር የሚሰጠው፣ ደራሲዎችን የሚያነጻጽረው፣ አንዳንዴም የገዥውን ምርጫ የሚከራከረው እሱ ነው። በጋዜጣ የሚወጣ የመጽሐፍ ሂስ ጥቂት በነበረበት ዘመን የብዙኃኑ አንባቢ ሃያሲ ይህ ነጋዴ ነበር።

ከሽያጩ ጎን ኪራይ አደገ። ተከራዩ የመጽሐፉን ዋጋ የሚሸፍን መያዣ ያስቀምጥ፣ በየቀኑ ጥቂት ሳንቲም እየታሰበበት አንብቦ ይመልስ ነበር። ኪራይ አንባቢውን ያፈጥነዋል፤ ቀን በጨመረ ቁጥር ሒሳብ ይጨምራልና። በአንድ ቤት የገባ የኪራይ መጽሐፍ ቀን በእኅት፣ ማታ በወንድም እጅ ይነበባል፤ እናት አባትም ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያዳምጣሉ። የኪራይ ንግድ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 ሙዲ የተባለ ነጋዴ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ማከራየት ሲጀምር፣ በሦስት ጥራዝ የሚታተም ልብ ወለድ 31 ሽልንግ ተኩል ያወጣ ነበር፤ የሙዲ የዓመት ክፍያ ግን 21 ሽልንግ ነበር። አንድ መጽሐፍ ከመግዛት ዓመቱን ሙሉ መከራየት ይረክስ ስለነበር ንግዱ ደራ። በሁለቱም ከተሞች ምክንያቱ አንድ ነው፤ የማንበብ ፍላጎት ከመግዛት አቅም ቀድሞ ሄደ።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. መታተም ለመጽሐፍ ወግ ትልቅ ምዕራፍ ከፈተ። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር፣ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የጉዱ ካሣ ትችት መጽሐፉን ባላነበበውም ሰው አፍ የሚጠሩ ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. የወጣው የጸጋዬ ገብረ መድኅን የግጥም መድበል «እሳት ወይ አበባ» ደግሞ «አይ መርካቶ» የተሰኘውን ግጥም ይዞ ገበያው ራሱ የሥነ ጽሑፍ ርእስ እንዲሆን አደረገ። ማንበብ የማይችለውን ሕዝብ ወደ ወጉ ያስገባው ግን ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርከው፣ ልብስ ሰፊው ከመኪናው ሳይነሣ፣ ባለሱቁ ደንበኛ እያስተናገደ ልብ ወለዱን ተከታተለ። እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ የሃቫና የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ከደመወዛቸው እያዋጡ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ሰው ይቀጥሩ ነበር፤ ለመርካቶ ሠራተኛ ይህን አገልግሎት የሰጠው የወጋየሁ ድምፅ ነው። አንድ ትረካ በሺዎች ጆሮ በአንድ ቀን ስለሚገባ በማግስቱ ስለ መጽሐፉ ለመጨዋወት ቅጂ መያዝ አላስፈለገም።

የ1966ቱ አብዮት መጽሐፍንና ውይይትን ይበልጥ አቆራኘ። አስቀድሞ በተማሪዎች የጥናት ክበቦች በስውር ይነበቡ የነበሩት የማርክሲዝም ጽሑፎች በግልጽ መሸጥ ጀመሩ፤ ከሞስኮ የሚመጡት በርካሽ ዋጋ ተሠራጩ። በየቀበሌው የውይይት ክበብ ተቋቋመ። በእነዚህ ክበቦች ውይይቱ የሚፈቀደውን መሥመር ተከትሎ የሚሄድ ነበር፤ ከመሥመር መውጣት ሕይወት ያስከፍል ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጽሐፍ በብዛት አቀረበ። እንደ ሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ያሉ ልብ ወለዶችና የማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍት በተማሪውና በወታደሩ፣ በነጋዴውና በሾፌሩ እጅ ዞሩ።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የዚህ ዘመን ከባድ ምስክር ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ ታትሞ ገበያ ላይ እንደዋለ በመንግሥት ትእዛዝ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከመሰብሰብ ያመለጡት ቅጂዎች ግን ከሚታመን ሰው ወደሚታመን ሰው እየተላለፉ ተነበቡ። ስለ መጽሐፉ የሚደረገው ወግም በሹክሹክታ ሆነ። መጽሐፍ አንብቦ ሐሳብን መናገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የዚያ ዘመን አንባቢ በተግባር ያውቀዋል። በዚያው ዘመን ነቢይ መኰንን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ዝነኛ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀቶች ላይ ተርጉሞ ለእስረኞች አነበበላቸው፤ ትርጉሙ በድብቅ ከእስር ቤት ወጥቶ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታተመ። አንድ ቅጂ ብቻ በነበረበት ክፍል ውስጥ ንባቡም ውይይቱም የሁሉም ሆነ።

ቅድመ ሳንሱር በፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከቀረ በኋላ ገበያው ተለወጠ። የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በረከቱ፤ «አዲስ አድማስ»ን የመሰሉት ለሥነ ጽሑፍና ለመጽሐፍ ትችት ቋሚ ገጽ ሰጡ። «ኦሮማይ» በነጻ ተሸጠ። በመርካቶ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ለውጥ የሃይማኖት መጻሕፍት መስፋፋት ነው። በ1961 ዓ.ም. ቅዱስ ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ ከታተመ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ሆኖ የቆየው የእስልምና ሥነ ጽሑፍ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በአማርኛ በገፍ ወጣ፤ አንዋር መስጊድ አካባቢ መጻሕፍትና ካሴቶች የሚሸጡበት ገበያ ሆነ። በራጉኤልም ዙሪያ ገድሉ፣ ድርሳኑ፣ የጸሎት መጽሐፉ ይሸጣል። ከጁምዓ ሶላት ወይም ከቅዳሴ የሚወጣ ምእመን መጽሐፍ አንሥቶ ሲያገላብጥ አጠገቡ ከቆመው ሰው ጋር ስለ ጸሐፊው ዕውቀትና ስለ ትርጉሙ ትክክለኛነት ይነጋገራል፤ ይህም የቀድሞው የጉባኤና የደርስ ወግ በገበያ መካከል የቀጠለበት መልክ ነው።

በ2000ዎቹ የመጽሐፍ ወግ አዳራሽ ገባ። ሚዩዚክ ሜይዴይ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር በሚባለው ቦታ፣ እሑድ ከሰዓት የመጽሐፍ ውይይት ማዘጋጀት ጀመረ። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ መጽሐፉ አስቀድሞ ይነገራል፣ አንድ ባለሙያ የመነሻ ሐሳብ ያቀርባል፣ ከዚያ ታዳሚው ይጠይቃል፣ ይሞግታል። ደራሲው ከተገኘም መልስ ይሰጣል። በሸገር ኤፍ ኤም «ሸገር ሼልፍ» የአንዱዓለም ተስፋዬ ትረካ የወጋየሁን ፈለግ ተከተለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ም ሆነ ከዓመታት በኋላ የመጣው የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» ብዙ ጊዜ የታተሙት ከማስታወቂያ ይልቅ በአንባቢዎች ምስክርነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለከተማዋ ወጣቶች ሰፊ የንባብ ቦታ ሰጠ።

የመርካቶ ድርሻ በዚህ ሁሉ መካከል ጠቦም ቢሆን አልቀረም። አሮጌዎቹ ተራዎች በፎቅ ሲተኩ የመጽሐፍ መደብ ቦታ እየተገፋ ሄዷል፤ በ2010ዎቹ የወረቀት ዋጋ መናር ደግሞ አዲስ መጽሐፍን ከብዙ አንባቢ ኪስ አርቆታል። መጽሐፍ ሲወደድ አሮጌው ይፈለጋል፣ ኪራዩ ይቀጥላል፣ ማዋስም ይበዛል፤ በዚያው መጠን የአንባቢ ምክር ዋጋ ይጨምራል፣ ውስን ገንዘቡን በየትኛው መጽሐፍ ላይ እንደሚያውል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ያነበበን ይጠይቃልና። የአዲስ አበባ የመጽሐፍ ወግ ከጉባኤ ቤት እስከ ወመዘክር አዳራሽ ድረስ ያለፈባቸው መልኮች የተለያዩ ናቸው። ጸንቶ የቆየው አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉ በእጥረቱ ምክንያት የብዙዎች ሆኖ፣ የብዙዎች በመሆኑም የውይይት ርእስ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በደራሲዎችና በማተሚያ ቤቶች ስም ብቻ መጻፍ ግማሹን ማስቀረት ነው፤ መጽሐፉን ከመጠቅለያነት ያዳነው ነጋዴ፣ ያከራየው ባለመደብ፣ ያዞረው አዟሪና አንብቦ ለጎረቤቱ የመሰከረው አንባቢም የታሪኩ ባለቤቶች ናቸው።