ቀዩ ቀለም ከብራና ወደ ወረቀት

ከእብናት እስከ ደብረ ታቦር ባለው ደጋ የብራና ጸሐፊ ለሥራ ሲቀመጥ ሁለት የቀለም ቀንዶች ከአጠገቡ መሬት ላይ ይተክላል፤ አንዱ ለጥቁር፣ ሌላው ለቀይ። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ተቀምሞ ለወራት ሲብላላ ይከርማል። በቀዩ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ይጻፋል፤ አንባቢም ገጹን ገና ሲገልጥ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል። ጆን ሜለርስና አን ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን ላይ ባሳተሙት ሥራ ሙያው በደቡብ ጎንደር እስከ ዘመናችን መዝለቁን መዝግበዋል።

ቀለሙ ከብራናው ወደ ሌላ ገጽ በተሻገረ ቁጥር ግን ምን ይቅር፣ ምን ይዳን የሚለውን የሚወስን ሰው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዩ የዳካር–ጅቡቲ ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አንሥቶ ወደ ፓሪስ ሲወስድ፣ ሠዓሊው ጋስቶን ልዊ ሩ በቦታቸው ቅጂ ሠራ። ያኔ ወሳኙ የአንድ ሰው ዓይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ይዘት ከጥፋት ታደገ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ግን የቅዱሳኑ ስም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1993 አፕል፣ አዶቤ፣ ኮዳክ፣ ማይክሮሶፍትና ሌሎች ኩባንያዎች ዓለም አቀፉን የቀለም ኮንሰርቲየም ሲመሠርቱ ውሳኔው ወደ ኮምፒዩተር ገባ። ፕሮፋይል የሚባለው ፋይል አንድ ፕሪንተር በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ የትኞቹን ቀለሞች ማውጣት እንደሚችል ይናገራል። ከአቅሙ በላይ የሆነው ቀለም ምን ይሁን የሚለውን የሚመልሰው ሬንደሪንግ ኢንቴንት ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው ፐርሴፕችዋል ቀለሞቹን ሁሉ አንድ ላይ ጠበብ አድርጎ ዝምድናቸውን ይጠብቃል። ሪላቲቭ ከለሪሜትሪክ የሚቻለውን እንዳለ ትቶ፣ የማይቻለውን ወደ ቅርቡ ይጎትታል። አብሶሉት የምንጩን ነጭ ጭምር ለማስመሰል ስለሚሞክር ለሙከራ ኅትመት ይመረጣል። ሳቹሬሽን ድምቀትን ስለሚያስቀድም ለሥዕላዊ ሠንጠረዥ እንጂ ለብራና አይሆንም።

የጎንደር ቀይ ቡናማ ሆኖ ሲታተም መጀመሪያ መታየት ያለበት ፕሮፋይሉ የወረቀቱ መሆኑ ነው። ቀጥሎ ፕሮግራሙና የፕሪንተሩ ድራይቨር ቀለሙን ሁለት ጊዜ እንዳይቀይሩት የአንዱ የቀለም ለውጥ መጥፋት አለበት። ቀዩ ተስተካክሎ የእመቤታችን ልብስ እጥፋት ከጠፋ፣ ሪላቲቩን በፐርሴፕችዋል መተካት ብዙ ጊዜ እጥፋቱን ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ፎቶው ሲነሣ የቀለም ካርድ ከብራናው ጎን ከተቀመጠ ነው፤ ያለ ካርዱ ዋናው ቀይ ምን እንደነበረ ከፋይሉ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም።