የሴባስቶፖል መንገድ፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ታላቅ መድፍ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከጋፋት የማቅለጫ ምድጃ አይርቅም። ፈረንጆቹ አንችልም ማለታቸው፥ በኋላም ተገደው መሥራታቸው ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኛ በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ግን መድፉ ከተሠራ በኋላ የሆነውን ነው። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ነሐስ፥ ለሠረገላ የሚሆን መንገድ በሌለበት ደጋና ገደል እንዴት ተጓዘ? ጉዞውስ ምን ያህል አስከፈለ? በእኛ አስተያየት ከመድፉ ይልቅ መንገዱ ይበልጥ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ መንግሥቱንም ይበልጥ የጐዳው መንገዱ ነው።

የጋፋት ሠራተኞች፥ እነ ዋልድማየር፥ ዛልሙለርና ቤንደር፥ ከስዊስ አገር ከቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ ባለ እጅ ነበሩ። የመጡትም በእጅ ሥራ እየኖሩ ወንጌልን ለማስተማር እንጂ መድፍ ለመሥራት አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ቦንብ የሚወረውር መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ ይህን ጥበብ አናውቅም ብለው መለሱ። እሺ እስኪሉ ድረስ አሽከሮቻቸው ታሰሩባቸው። ከብዙ ሙከራም በኋላ ተሳካላቸው። ለትልቁ መድፍ የተሰጠው ሴባስቶፖል የሚለው ስም፥ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከበው ከሩሲያ እጅ የወሰዱት ምሽግ ስም ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የፈለጉት መድፍን ብቻ ሳይሆን መድፍ የሚሠራውን እጅ ጭምር ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ. ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ በ1856 ዓ. ም. ቆንሲል ካሜሮን ታሰረ። በ1858 ዓ. ም. ደግሞ ሚስተር ፍላድን ባለ እጅና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት። የእንግሊዝ መንግሥትም ሠራተኞችን ቀጥሮ ከነመሣሪያቸው እስከ ምፅዋ አደረሳቸው። ነገር ግን እስረኞቹ ሳይፈቱ ባለ እጆቹ አይወጡም ተባለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ባለ እጆቹ ሳይመጡ እስረኞቹን አልፈታም አሉ። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ከምፅዋ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እንግዲህ አንጥረኛና እስረኛ በአንድ ሚዛን ላይ እንደ ተቀመጡ ከዚህ ይታያል።

በመስከረም ወር መጨረሻ 1860 ዓ. ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ርቀቱ በቀጥታ ሲለካ ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። የደረሱት ግን በመጋቢት ወር ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው፤ በአማካይ ሲታሰብ በቀን ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይህ መዘግየት ለምን እንደ ሆነ ጥቂት ሒሳብ ያስረዳል። ሰባት ቶን የሚመዝን ነገር አሥር ሜትር ተጕዞ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ሲሳብ፥ ወደ ኋላ የሚጐትተው ክብደት 700 ኪሎ ያህል ነው። በአምስት ሜትር አንድ ሜትር ከፍ ካለ 1,400 ኪሎ ይሆናል። መንኰራኵሩ በአፈርና በድንጋይ ላይ ሲሄድ የሚያጋጥመው ዕንቅፋት ገና አልተቈጠረም። ሳቢው 500 ሰው ያህል ነበር ይባላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰው በጠባብ ጠመዝማዛ ላይ ተሰልፎ በአንድ ጊዜ ሊስብ አይችልም፤ ቍልቍለት ላይ ደግሞ ሥራው ተገልብጦ ሳቢው ሁሉ ወደ ኋላ ያዥ ይሆናል። ስለዚህ ችግሩ የሰው ቍጥር ብቻ አልነበረም። ዳገቱ ካልተቈረጠና መታጠፊያው ካልሰፋ መድፉ ከቦታው አይነቃነቅም። የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ደግሞ ጥልቀታቸው ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ነው። ሠራዊቱ ዐለት እየፈለጠ፥ ገደሉን እየደለደለ ወረደ፤ ደግሞም ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በቦታው የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። ከቤተ ሖር ወደ ጅዳ የሚወርደውን መንገድ ያዩ የእንግሊዝ መኰንኖች ተደንቀዋል፤ አድንቀውም አልቀሩ፥ ራሳቸው ሄዱበት!

ይህ ሁሉ የተሠራው በወዳጅ አገር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። በ1860 ዓ. ም. ግን ሸዋ ከምኒልክ ጋር ተለይቷል፤ ትግሬ በደጃዝማች ካሣ፥ ላስታ በዋግ ሹም ጎበዜ እጅ ነው። ሠራዊቱ የሚበላውን የሚያገኘው ከገበሬው ጐተራ በመዝረፍ ነበር። ገበሬውም ሸሸ፥ ወይም ሸፈተ። እንግዲህ ያው ወታደር ቀን ድንጋይ ፈላጭና መድፍ ሳቢ፥ ሌሊት ዘብ ሆነ። መክዳት የቻለው ከዳ። አንድ ንጉሥ ቀለል ባለ ጦር ፈጥኖ እየገሠገሠ ያስገበረውን አገር፥ በመድፍ ፍጥነት እየተጓዘ ሊይዘው አይችልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በወጣትነታቸው ያሸነፉት በግሥገሣ እንደ ነበር ስናስብ ነገሩ ያሳዝናል።

የእንግሊዝ ጦር መንገድ መርማሪዎች ዙላ የደረሱት ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር በተነሡ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። ጀኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር፥ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፥ በባሕሩ ዳር የተዘረጋ አጭር የባቡር ሐዲድ ነበረው። ከባዶቹን የአርምስትሮንግ መድፎች ዝሆኖች በየክፍላቸው ተሸከሙ፤ ትንንሾቹን በቅሎዎች ጫኑ። የተራራውን ዳገት ያሸነፉት ክብደቱን በመከፋፈል ነው። ነገር ግን ከዝሆኑ ይልቅ የረዳቸው የማርያ ቴሬዛ ብር ይመስለናል። ናፒየር በየካቲት 1860 ዓ. ም. ከደጃዝማች ካሣ ጋር ተገናኝቶ ተስማማ፤ ዋግ ሹም ጎበዜም መንገዱን አልዘጋበትም፤ ባላገሩ እህልና ድርቆሽ ሸጠለት። የዘመቻው ወጪ ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ፓውንድ ተጠግቷል። በዚህ ወጪ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በሰላም አለፈ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም.፥ በስቅለት ዕለት፥ ሁለቱ ሠራዊቶች እሮጌ ላይ ተጋጠሙ። ከፋላ ተራራ የተተኰሱት የንጉሠ ነገሥቱ መድፎች ጥይታቸው በእንግሊዞች ራስ ላይ አልፎ ሄደ፤ ከመድፎቹም አንዱ ሲተኰስ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ መቶ ጓደኞቻቸው ጋር ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት ሃያ ያህል ብቻ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ከኋላው የሚጐርሰው የስናይደር ጠመንጃ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንጨምር እንወዳለን። እንደ ሴባስቶፖል ያለ አፈ ሰፊ መድፍ ምሽግ ለሚከብ ጦር የሚሆን መሣሪያ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ግንብ ይፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ያን ሁሉ ደክመው መቅደላ ካደረሱት በኋላ ከባቢ ሳይሆኑ ተከባቢ ሆኑ። ያን መድፍ የሚመጥን ግንብ በአካባቢው ቢኖር የራሳቸው አምባ ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ገደሉ። የጋፋት ባለ እጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ መድፎችና ጠመንጃዎች ትቶላቸው ሄደ፤ እርሳቸውም በሐምሌ 1863 ዓ. ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን (የቀድሞውን ዋግ ሹም ጎበዜን) ዐድዋ አጠገብ ድል አድርገው፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። የሴባስቶፖል አምሳያ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። እውነተኛው መድፍ ግን መቅደላ ላይ ነው፤ ከዚያ ያወረደው የለም።