የአሮጌው ሼቭሮሌት አዲስ ካምቢዮ

የመንገድን ታሪክ ለማጥናት ስንነሣ ካምቢዮንም ልንመረምር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የሼቭሮሌት ግማሽ ቶን ፒክ አፕ የተለመደው ካምቢዮ ባለ ሦስት ማርሽ ሲሆን፣ የተሠራውም ለዝግታ ጉዞ ነበር። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ሕግ በ1956 ከወጣ በኋላ ግን የጉዞው ፍጥነት ጨመረ፤ የኋላ ዲፈረንሲያሉ 4.11 ለ1 ስለ ሆነ በፈጣን መንገድ ሞተሩ ይጨነቃል። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ቦርግ ዋርነር በ1982 ያወጣውን ባለ አምስት ማርሽ ቲ-5 ይተክሉበታል። በአምስተኛው ማርሽ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ከሞተሩ ይልቅ ስለሚፈጥን ሞተሩ ያርፋል። ነገር ግን እስከ 1954 የተሠሩት ዘንጋቸው በቱቦ የተሸፈነ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ዲፈረንሲያሉም አብሮ ይለወጣል። እንግዲህ መኪናው ለዛሬው መንገድ ሲበጅ የትናንቱ መንገድ ምስክር ይጠፋል። እኛስ መኪናው ይሂድ እንላለን፤ የወጣው ካምቢዮ ግን እንደ ሰነድ ይጠበቅ።