የሞተሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

የመኪናቸውን ሞተር ኮምፒውተር ራሳቸው ማስተካከል የሚፈልጉ ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ?» ብለው ነው። የዚህ መልስ ቀላል ነው፤ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ከባዱ ጥያቄ ላፕቶፑ ከተገዛ በኋላ ይመጣል፦ መኪናው ያስገባችኋል ወይ? ዓለም በዚህ ጉዳይ ሲከራከር አሥርት ዓመታት አልፈዋል። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በካርቡሬተር ዘመን የማስተካከያው መሣሪያ ካቻቢቴ ነበር። ቤንዚን በዛ? አንድ ብሎን ዞር ማድረግ ነው። በ1979 ቦሽ ሞትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት ቢኤምደብሊው ላይ ሲገጥም ግን የነዳጁን መጠንም የካንዴላውን ሰዓትም አንድ ሣጥን ተረከበው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ሶኬትና የራሱን ቋንቋ ይዞ መጣ። መካኒኩ ከበር ውጭ ቀረ።

በሩን ገርበብ ያደረገው የፋብሪካዎች ቸርነት ሳይሆን የሎስ አንጀለስ ጭስ ነው። በአየር ብክለት የተማረረችው ካሊፎርኒያ፣ መኪና የጭስ መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ራሱ እንዲናገር አስገደደች። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 እግር ሶኬት እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። አውሮፓ በ2001 ለቤንዚን መኪኖች ተከተለች። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ከመሪው ሥር የሚሰካው ስካነር የዚያ ሕግ ልጅ ነው።

ሕጉ ግን ማንበብን እንጂ መጻፍን አላስፈቀደም። የብልሽት ኮድ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ የሚመራበትን ሠንጠረዥ መለወጥ ሌላ ነው። በ2001 ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሜጋስኩዌርት የተባለ፣ ባለቤቱ ራሱ በስታኞ እየበየደ የሚገጣጥመው የሞተር ኮምፒውተር አወጡ። ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኘው በአሮጌው ሲሪያል ወደብ ነበር። ያ ወደብ ያለው ያረጀ ላፕቶፕ እስከ ዛሬ ፈላጊ የማያጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ ምክሬ፦ ዊንዶውስ ያለው፣ ራሙ 8 ጊጋ የሆነ፣ ንዝረት የሚችል ኤስኤስዲ ዲስክና የሚቆይ ባትሪ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል። የተረፋችሁን ብር አስተማማኝ ገመድና የአየርና ነዳጅ ምጣኔን በትክክል የሚለካ የኦክስጅን ሴንሰር ላይ አውሉት። ምንም ከመቀየራችሁ በፊት የፋብሪካውን ፋይል ቀድታችሁ አስቀምጡ። በመጻፍ መሃል የመኪናው ባትሪ ከደከመ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላልና ቻርጀር ይሰካ።

ክርክሩ የጦፈው በ2015 ነው። የመኪና ባለቤቶች የሶፍትዌር ቁልፉን የመክፈት መብት ሲጠይቁ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በሐምሌ ወር ተቃወመ፤ ሰዎች የጭስ መቆጣጠሪያውን ያበላሻሉ ብሎ ሰጋ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በመስከረም፣ ያው ድርጅት ቮልስዋገንን አጋለጠ። የናፍጣ መኪኖቹ ምርመራ ላይ መሆናቸውን ለይተው ጭሳቸውን የሚቀንሱበት ፕሮግራም ተገኘባቸው፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች። በጥቅምት ፈቃዱ ተሰጠ፤ ለመኪና ሥራ ላይ የዋለው ከዓመት በኋላ ነው።

የድርጅቱ ስጋት መሠረት አልነበረውም አልልም፤ ለጉልበት ሲሉ ጭስ የሚለቁ አሉ። ግን የተቆለፈ ሣጥን ሐቀኛውን ብቻ ሳይሆን ሌባውንም ይሸሽጋል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ዞራለች። በእነዚህ መኪኖች ከባትሪው እስከ ፍሬኑ ያለው በሶፍትዌር የሚመራ ነው። ማሳቹሴትስ በ2012 የጥገና መረጃን ለግል ጋራዦች ማካፈልን ሕግ አድርጋለች። የእኛስ አስመጪ መኪናውን ሲያስገባ የመመርመሪያ ሶፍትዌሩንና የጥገና መመሪያውን አብሮ እንዲያቀርብ ማን ይጠይቀዋል? አሁን ካልተጠየቀ፣ ነገ መካኒካችን ከነላፕቶፑ በር ላይ ቆሞ ይቀራል።